ፈተናው የልጅ፣ ፋፍሳው የወላጅ

ወላጆች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ያው ነው። «ጎበዝ የኤስኤቲ አስጠኚ ታውቂያለሽ?» እኔ ደግሞ መልሼ «ያምናውና የካቻምናው ታክሳችሁ እጃችሁ ላይ አለ?» እላለሁ። ዝም ይላሉ። ፈተናና ታክስን ምን አገናኛቸው?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ኮሌጅ ለማስገባት ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኤስኤቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ነው፤ ታክሱ ደግሞ ለትምህርት ክፍያ እርዳታ ለመጠየቅ ነው። ፈተናውን የሚፈተነው ልጁ ነው። ታክሱ ግን የወላጅ ነው። ብዙ ቤት ያየሁት የተገላቢጦሽ ነው። ወላጅ ቀን ከሌት ስለ ፈተናው ይጨነቃል። ፋፍሳ የሚባለውን የገንዘብ እርዳታ ፎርም ደግሞ የ17 ዓመት ልጅ ብቻውን ይሞላዋል፤ እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ ነው ተብሎ።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በትልቋ ልጄ ምክንያት ነው። ሙያዬ አይደለም፣ ክፍያም የለውም። እሷ ኮሌጅ ስትገባ አንድ ፎልደር ሙሉ ወረቀትና ማስታወሻ ተረፈኝ። ለጓደኛዬ አዋስኳት። እሷ ለእህቷ ነገረች። ከዚያ ወዲህ ኦክቶበር ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም።

ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እኛ ያደግነው ማትሪክ የሰውን ዕድል በሚቆርጥበት ጊዜ ነው። አለፈ ወይ ወደቀ፣ በቃ። ስለዚህ ኤስኤቲ ሲባል ያው ማትሪክ ይመስለናል። እዚህ ግን ኮሌጆች የሚያዩት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤት፣ የወሰዳቸውን ኮርሶች፣ የአስተማሪ ደብዳቤ፣ ልጁ ስለ ራሱ የሚጽፈውን ኤሴይና ከክፍል ውጭ የሚሠራውን ነው። ፈተናው አንዱ ቁራጭ ነው። አንዳንድ ቦታ ጭራሽ አይታይም፤ ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩሲ የሚባሉት፣ ለመቀበል ኤስኤቲን አያዩም። ኤምአይቲ ግን በ2022 ግዴታነቱን መልሶታል። ዳርትማውዝና ሃርቫርድም በ2024 ተከተሉት። ስለዚህ ማንኛውም ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ልጁ የሚፈልጋቸውን ኮሌጆች ድረ ገጽ ከፍቶ «ፈተና ትጠይቃላችሁ ወይ?» የሚለውን ማጣራት ነው። አስጠኚ መፈለግ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፈተናው ራሱ እንደ ድሮው አይደለም። ከማርች 2024 ጀምሮ እዚህ አገር በኮምፒዩተር ነው የሚሰጠው፤ ብሉቡክ በሚባል አፕ። ሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። ንባብና ጽሑፍ አንድ ክፍል፣ ሒሳብ አንድ ክፍል። እያንዳንዱ ክፍል ለሁለት ይከፈላል። የሁለተኛው ግማሽ ክብደት የሚወሰነው ልጁ በመጀመሪያው በሠራው ልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ መጣደፍ አያዋጣም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። ካልኩሌተሩም እዚያው አፑ ውስጥ አለ።

ለልምምድ እኔ የምመክረው ነጻውን ነው። ብሉቡክ ላይ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች አሉ። ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽም ፈተናውን ከሚያዘጋጀው ከኮሌጅ ቦርድ ጋር የሠራው ነጻ ትምህርት አለው። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት፣ በእውነተኛው ፈተና ሰዓት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ አንድ ሙሉ ፈተና ይሥራ። በማግስቱ የሳተውን አንድ በአንድ ይመልከት። ለምን እንደሳተ በራሱ አፍ ያስረዳ፤ ለእናቱም ቢሆን፣ ሒሳቡ ባይገባትም። ማስረዳት ካቃተው ገና አልገባውም ማለት ነው። ውድ የማጠናከሪያ ክፍል የሚጠቅማቸው ልጆች አሉ፤ አልክድም። ግን ብዙዎቹ እዚያ የሚያገኙት ሰዓት የሚያስጠብቅ ሰው ብቻ ነው። ያንን ቤት ውስጥ በነጻ ማድረግ ይቻላል። የወላጅ ድርሻ እዚህ ላይ ትንሽ ናት። ያን ጠዋት ቤቱን ጸጥ ማድረግ፣ «ሂድ እቃ ግዛ» አለማለት፣ ታናናሾቹን ይዞ መውጣት።

ኤሲቲ የሚባል ሌላ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናም አለ። ከ36 ነው የሚታረመው። ከ2025 ወዲህ የሳይንስ ክፍሉ በምርጫ ሆኗል። ልጁ ሁለቱንም አንድ አንድ ጊዜ ቤት ይሞክርና የተሻለውን ይያዝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማጥናት አድካሚ ነው፣ ጥቅሙም አይታየኝም። ደግሞም ብዙ ኮሌጆች ልጁ በተለያየ ቀን ካመጣው ውጤት ከየክፍሉ የተሻለውን መርጠው ይደምሩለታል። ስለዚህ ሁለተኛ መፈተን ውድቀት አይደለም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ኤስኤቲን በነጻ መፈተን ይችላሉ። የትምህርት ቤቱን ካውንስለር «ፊ ዌቨር»፣ ማለትም ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ፣ ብሎ መጠየቅ ነው። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ያው ፈቃድ የብዙ ኮሌጆችን ማመልከቻ ክፍያም ያስቀራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ወላጅ ሥራ የሚበዛበት።

አንድ አባት ደወሉልኝ። ልጃቸው የምትወደውን የግል ኮሌጅ ከዝርዝሩ ሰርዘውባት ቤቱ ተበጥብጧል። ድረ ገጹ ላይ ያለውን የዓመት ዋጋ አይተው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚለጠፍ ዋጋ ነው፤ እናንተ የምትከፍሉት ሌላ ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ከ2011 ጀምሮ ድረ ገጹ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። ገቢያችሁን፣ የቤተሰብ ብዛታችሁንና ያላችሁን ቁጠባ ታስገባላችሁ። እርዳታው ተቀንሶ የሚቀረውን ግምት ይነግራችኋል። አብረን ተቀምጠን ሞላነው። የግሉ ኮሌጅ ግምት ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ አንሶ ወጣ። ሁሌ እንዲህ አይሆንም። አንዳንዴ ካልኩሌተሩ የፈራነውን ያረጋግጣል። ግን ከግምት ይልቅ ቁጥር ይዞ መሟገት ይሻላል። ሀብታም የሚባሉት ኮሌጆች ደግሞ ለመካከለኛ ቤተሰብም ይሰጣሉ። ኤምአይቲና ሃርቫርድ የቤተሰቡ ገቢ በዓመት 200,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የትምህርት ክፍያ አናስከፍልም ብለዋል፤ መደበኛ ሀብት ያለው ቤተሰብ እስከሆነ ድረስ። መግባቱ ነው እንጂ ከባዱ።

ይህን ሥራ 11ኛ ክፍል ጸደይ ላይ አድርጉት። 12ኛ ክፍል ሲደርስ ልጁ ልቡን ለአንድ ኮሌጅ ሰጥቷል። ያኔ ስለ ዋጋ ማውራት ጠብ ነው።

ቀጥሎ ፋፍሳ። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ የሚጠየቅበት የመንግሥት ነጻ ፎርም ነው፤ በተለመደው ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ተማሪውም ወላጁም የየራሳቸው አካውንት ያስፈልጋቸዋል። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ብዙ ሰው «እኔ ወረቀት ስለሌለኝ ልጄ አያገኝም» ይላል። የሚታየው የልጁ ሁኔታ ነው። ዜጋ የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ተማሪ ሌላውን መስፈርት ካሟላ የፌዴራል እርዳታ ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ልጅ ግን ለፌዴራሉ አይበቃም። እሱ የስቴቱንና የኮሌጁን መንገድ ይፈልግ።

ታክሱን የምጠይቀው ለዚህ ነው። ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት ያለውን ታክስ ነው። በ2026 መጸው ለሚገባ ልጅ የሚታየው የ2024 ነው። ማለትም ልጁ 10ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ሳለ የጀመረው ዓመት። ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ፣ ትንሽ ሱቅ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁን ያኔ ማስተካከል ነበረባችሁ ማለት ነው። ልጁ ገና 9ኛ ክፍል የሆነ ወላጅ ይህን ሲያነብ ዕድለኛ ነው። በ2025–26 የትምህርት ዓመት ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነበር። የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ለአንድ ወረቀት ትንሽ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ገቢያችሁ ቢቀንስስ? ሥራ ቢቆም፣ አንዱ ቢታመም? ፎርሙን እንዳለ ሙሉት። ከዚያ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ፤ ማስረጃ አያይዙ። ቢሮው ቁጥሩን የማስተካከል ሥልጣን አለው። የኛ ሰው ለምኖ መታየት ስለማይወድ ይህን ይተወዋል። ልመና አይደለም፤ የአሠራሩ አካል ነው። አገር ቤት ለዘመድ የምትልኩትን ፋፍሳ አይጠይቅም። ብዙ የግል ኮሌጆች ተጨማሪ የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ፎርም ግን ልዩ ሁኔታችሁን የምታስረዱበት ቦታ አለው። እዚያ ጻፉት። ለማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ።

የእርዳታ ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዱ ደብዳቤ ብድሩንም ስጦታውንም አንድ ላይ ደምሮ «ይህን ያህል ሰጠንህ» ይላል። እኔ እስክሪብቶ ይዤ እሰርዛለሁ። ግራንትና ስኮላርሺፕ ይቆያሉ። ብድር ይሰረዛል። ወርክ ስተዲ ይሰረዛል፤ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ነውና። ከጠቅላላው ወጪ ላይ ሳይሰረዝ የቀረውን ብቻ እቀንሳለሁ። ያ ነው ዋጋው። ፓረንት ፕላስ የሚል ብድር ካያችሁ ባለዕዳው ልጁ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። «ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘ» ተብሎ ድግስ ከተደገሰ በኋላ ግማሹ ብድር ሆኖ የተገኘበት ቤት አውቃለሁ።

በዚሁ ምክንያት ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለውን ለአንድ ኮሌጅ ቀድሞ የማመልከት መንገድ፣ ገንዘብ ለሚያሳስበው ቤተሰብ አልመክርም። ልጁ ከተቀበሉት እገባለሁ ብሎ ይፈርማል። እርዳታው በእውነት ካልበቃ መውጣት ይቻላል፤ ግን ሌላ ኮሌጅ የሚሰጠውን አይቶ ማወዳደር አይቻልም። ኧርሊ አክሽንም ቀድሞ ማመልከት ነው፤ ግን አያስርም።

የቀን መቁጠሪያውም የወላጅ ነው። ትልቅ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። የማመልከቻው ዴድላይንና የእርዳታው ዴድላይን ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱንም ጻፉ። ልጁ ለዚህ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ይክፈት። ከዚያ በሳምንት አንድ ምሽት ግማሽ ሰዓት ስለ ኮሌጅ ይወራል። በሌላው ቀን አይነሳም። እራት ላይ የለም፣ መኪና ውስጥ የለም። ይህን ደንብ ያስገቡ ቤቶች ሰላም ሲያገኙ አይቻለሁ። ልጆቹም ራሳቸው ማውራት ይጀምራሉ፤ የማይጠየቁ ሲሆን።

ኤሴዩን ተዉት። ከ650 ቃል አይበልጥም፣ የልጁ ድምፅ መሆን አለበት። አንድ ልጅ ታናሽ እህቱን ብስክሌት ማስተማር አቅቶት ዘዴውን እንዴት እንደቀያየረ ጻፈ። እናቱ «ይሄ ምን ቁም ነገር አለው? እኛ ስንት መከራ አይተን የመጣነውን አይጽፍም?» አለችኝ። «እህቴ፣ መከራው ያንቺ ነው፤ እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት እሱን ነው» አልኳት። ደስ አላላትም፤ ግን ተወችው። የቤተሰብ ታሪክ አይጻፍ አልልም። ጽሑፉ አልቆ ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ካልታወቀ ግን የተጻፈው ስለ ወላጅ ነው።

ወላጅ የሚረዳበት አንድ ቦታ ግን አለ። ለብዙ ኮሌጆች የሚያገለግለው የጋራ ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ እስከ 10 እንቅስቃሴ እንዲጻፍ ቦታ ይሰጣል። የኛ ልጆች «እኔ ክለብ የለኝም» ብለው ባዶ ይተዉታል። ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ አያቱን ሐኪም ቤት ወስዶ የሚያስተረጉም፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ልጅ ሥራ አለው። ፎርሙ «የቤተሰብ ኃላፊነት» እና «የሚከፈልበት ሥራ» የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ልጁ እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። አስታውሱት። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሆንም አብራችሁ ቁጠሩ።

የሙያ ክርክሩን አልገባበትም። ዶክተር ይሁን፣ ኢንጂነር ይሁን እያላችሁ ተከራከሩ። ስለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ስለ ሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ ግን እናገራለሁ። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚሉኝ አሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሚያሸጋግር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሌሎች ስቴቶችም ተመሳሳይ ስምምነት አላቸው። ዲግሪውን የሚሰጠው የጨረሱበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰው የሚለውን ሰው አይከፍልላችሁም።

ብዙ ኮሌጆች መልስ የሚፈልጉት እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ፋፍሳ በየዓመቱ ይሞላል። ልጁ ዶርም ገብቶም የወላጅ አካውንት ይጠየቃል። የይለፍ ቃሉን የማይጠፋ ቦታ ጻፉት፤ አካውንቱ የተከፈተበትን ስልክ ቁጥርም አትቀይሩ።