ማን ጎረቤትሽ እንዳይሆን ትፈልጊያለሽ?

ሐሙስ ማታ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም፣ እኔም ያለ ምክንያት ሆድ ብሶኛል። ለሰንበት ወጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ትልቋ ልጄ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ገባችና ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠች። ለዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራ የሚጠየቅ ሰው ፈልጋለች። «እማ፣ ሽቴ ሼኤሎት» አለችኝ በዕብራይስጥ። ሁለት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ነው።

የዓለም እሴቶች ጥናት የሚባል፣ አገር ላገር የሚዞር መጠይቅ አለ፤ ጥያቄዎቹ የተወሰዱት ከዚያ ነው። አንደኛው፣ ጎረቤትሽ እንዲሆኑ የማትፈልጊያቸውን ምረጪ ይላል፤ የሌላ ዘር ሰዎች፣ ከውጭ የመጡ ሠራተኞች፣ የሌላ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ሰካራሞች፣ ብቻ ብዙ ነው። ሁለተኛው፣ ሰላማዊ ሰልፍ ወጥተሽ ታውቂያለሽ፣ ወደፊት ልትወጪ ትችያለሽ ወይስ መቼም አትወጪም?

«ሰካራም ብቻ» አልኳት ለመጀመሪያው። አጎቷን እያሰብኩ መሆኑ ገብቷት ሳቀች። ለሁለተኛው ቢላዋውን እንደ ማይክ ይዤ «ወጥቻለሁ! ስንቴ!» አልኩ። ጠቅ ጠቅ አድርጋ ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ከሽንኩርቱ ጋር ቀረሁ።

ስንቴ? መቁጠር ጀመርኩ።

በፈረንጆች የ1996ቱ ሰልፍ የኔ አይደለም፤ ያኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ የወጣው አባቴ ነው። አባቴ ደም ሰጥቶ የመጣ ቀን እናቴ ተልባ በጥብጣ፣ ማር ጨምራ አጠጥታው ነበር። የኛ ሰው፣ ከኢትዮጵያ እስራኤል የገባነው ቤተ እስራኤሎች፣ የሚሰጠው ደም ኤድስ ይኖርበታል ተብሎ በስውር ሲደፋ መኖሩ ጋዜጣ ላይ የወጣው በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ነው። 10,000 ያህል ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ተሰበሰበ፤ ውሃና አስለቃሽ ጭስ ወረደበት። አባቴ ማታ ሲመለስ ስለ ጭሱ ትንፍሽ አላለም። «የቆጨኝ ተልባው ነው» አለና ተኛ።

የኔ መጀመሪያ 2012 ነው። ቂርያት መላኪ ውስጥ የአንዳንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ለኛ ሰው ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ወጣ። ይቺኑ ልጅ በእጄ ይዤ ኢየሩሳሌም ወረድኩ። ውርጩ አጥንት ይሰብራል፣ እሷም ሽንቴ መጣ እያለች ግማሹን ሰልፍ ካፌ ስፈልግ ነው ያሳለፍኩት። ቢሆንም ይቆጠራል።

ከዚያ 2015። ዩኒፎርም የለበሰ ወታደር ልጃችን ሆሎን ላይ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣና፣ ሜይ 3 ቀን ቴል አቪቭ በኛ ሰው ተሞላች። አያሎን አውራ ጎዳና መሐል አስፋልቱ ላይ ተቀመጥን። አጠገቤ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ያሻሉ። «በሱዳን በኩል ስንመጣም እንዲሁ ነበር፤ የደከመው መንገድ ላይ ቁጭ ይላል» አሉኝ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ መጀመሪያ ለሌላ ልጅ አቀብለው ነው እሳቸው የጠጡት።

እዚህ ድረስ ሳስበው ደረቴን ነፋ አድርጎኝ ነበር። ሰልፍ የሚወጣው የተገፋ ሰው ነው፣ የሚገፋው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል ብዬ ነዋ የኖርኩት።

እንዴ፣ በዚያው በ2012 ሜይ ላይ ቴል አቪቭ፣ ሃቲክቫ ሰፈር የወጡትስ? ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ይባረሩልን ብለው ነው የወጡት፤ ሲመሽ ከመሐላቸው የስደተኛ ሱቅ መስተዋት የሚሰብር ተነሳ። መስተዋት ሳይነካ መፈክሩን ብቻ ይዞ ወጥቶ ቤቱ የገባው ሰውዬ ዛሬ ቢጠየቅ «ወጥቻለሁ» ይላል፣ እንደኔው። ልጄም እኔንና እሱን አንድ ሳጥን ውስጥ ትከተናለች። በማን ላይ ወጣችሁ የሚል የለማ።

በ2015 ኦክቶበር ደግሞ ቤር ሼቫ አውቶቡስ ጣቢያ ጥቃት ደረሰ። አጥቂው መስሏቸው አንድ ኤርትራዊ ስደተኛ ላይ ተኮሱበት፤ ወድቆ ደሙ እየፈሰሰ ሰው በእግሩ ረገጠው፣ አግዳሚ ወንበር ጣለበት። ሞተ። እሱም ቪዲዮ ነበረው። እኔ ከአያሎን አስፋልት ከተነሳሁ ገና ስድስት ወር አልሞላኝም። የት ነበርኩ? ቤቴ። ቡና ላይ ስንባባል የነበረው «ከኛ ልጆች አንዱ ሊሆን ይችል ነበር» ነው። የኛ ልጅ ሊሆን ይችል የነበረው ታየን እንጂ የሞተው ሰውዬ አልታየንም።

ቆይ፣ የባሰም አለ። ባለፈው ዓመት ቴል አቪቭ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ልጅ ያዘለች ሴት መልኬን አይታ በትግርኛ መንገድ ጠየቀችኝ። ትግርኛ እሰማለሁ፤ አባቴን ያሳደጉት አያቴ የሚያወሩት እሱን ነበር። የአምስት ቁጥርን ፌርማታ ነው የጠየቀችኝ፣ አጥርቼ ሰምቻታለሁ፣ ፌርማታውም ከጀርባዬ ነበር። መለስኩላት፣ በዕብራይስጥ፣ ጮክ ብዬ፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ እንዲሰማ። ምን ያልኳት ይመስላችኋል? «አልገባኝም።»

ሰካራም ብቻ!

ልጄን ጠርቼ መልሴን ላስተካክል አሰብኩ። ግን የትኛውን? ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ በሚለው ላይ ምልክት አድርጊ ልበላት? ቋንቋው የአያቴ ሆኖ?

ስለ ዝናቡና ስለ ሆዴ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ሽንኩርቱ አረረ። ጭሱን ላስወጣ መስኮት ስከፍት፣ ሽታው ሁሌም የሚያስመርራት የታችኛዋ ጎረቤቴ የራሷን መስኮት ጓ አድርጋ ዘጋች። ዝርዝሩ ላይ «ሽንኩርት የሚያቁላሉ» የሚል ባለመኖሩ ተረፍኩ። ነገ በረንዳዬ ሥር መፈክር ይዛ ብትቆም አይገርመኝም፤ ብቻዋን ትሆናለች ብዬም አልምልም።