ጥንድ አራት ያስከፈለችኝ ክትፎ

ቅዳሜ ማታ ዘጠኝ ሆነን ፖከር እንጫወታለን። ድሮ ካዛንቺስ ነበርን። ሰፈሩ ሲፈርስ ጠረጴዛውን ተሸክመን ስታዲየም ጀርባ ወደሚኖር ጓደኛችን ቤት ተሻገርን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ቺፕስም (የጨዋታው መቁጠሪያ) የለንም። እንደ ዳማ በቆርኪ ነው የምንጫወተው፦ የቢራ 100፣ የኮካ 500፣ የአምቦ ውሃ 1,000። ሃምሳዎቹ ሽምብራ ናቸው፤ ማታ ላይ የሚበላቸው አይጠፋም።

ገንዘብ አናስይዝም። ሕጋችን ግን ከገንዘብ ይብሳል፦ መጀመሪያ የወጡት ሁለት ሰዎች የሁሉንም ክትፎ ይከፍላሉ። በጾም ሽሮ ስለሆነ ይቀላል። እኔ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ከፍያለሁ፤ አንዱም በጾም አልነበረም።

ምክንያቱ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ የሚናገረው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከሚታደሉኝ ሁለት ካርታዎች ትንሽ ጥንድ ይደርሰኛል፤ ሁለት ሁለት፣ አራት አራት፣ አምስት አምስት። ጥንድ ሳይ ደግሞ አልችልም።

ያበላሸችኝ አንዲት እጅ (አንድ ዙር) ናት። ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው፤ ሁላችንም ጋ 10,000 አለ፣ ብላይንዱ (በየእጁ ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስገቡት፣ ትንሹና ትልቁ) 50/100 ነው። አምስት አምስት ይዤ 250 አልኩ። ኤስና ኪንግ፣ ሁለቱን ትልልቅ ካርታዎች፣ የያዘ ጓደኛዬ ኮል አለኝ፤ እኩል አስገባ ማለት ነው። ፍሎፑ፣ ማለትም መሃል ላይ ለሁላችን የሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች፣ ኤስ፣ 8፣ 5። ሴት መጣችልኝ! (ሴት የምንለው በእጅህ ያለው ጥንድ ሦስተኛ ሲያገኝ ነው። እቤት ስልክ ላይ እንዲህ ብዬ ተርኬ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።) እሱ ኤሱን አምኖ ያለውን ሁሉ አስገባ። ቆርኪው በሁለት እጄ አልታፈስ አለ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ጥንድ ሁሉ ያቺን እጅ መሰለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብላይንዱ 200/400 ደርሷል። ማንም አልወጣም። እኔ ጋ 9,000 አለ፤ 22 ትልቁ ብላይንድ ተኩል መሆኑ ነው። ከትልቁ ብላይንድ ቀጥሎ ነኝ፤ ገና ስምንት ሰው ከኋላዬ ይናገራል። አራት አራት። 1,000 አልኩ። ሁሉም ጣሉ፤ ጋሼ ጋ ሲደርስ ግን የአምቦ ቆርኪዎቻቸውን ቀስ ብለው ደረደሩና 2,700 አሉ። ጋሼ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ኮንከር ሲጫወቱ ኖረው ፖከርን ከእኛ ነው የተማሩት። አሁን እኛን ያስተምራሉ።

«1,700 ብቻ ነው የምጨምረው» አልኩ በልቤ። ጨመርኩ። ፍሎፑ ኪንግ፣ 9፣ 2። ቼክ አልኩ (ምንም ሳላስገባ አሳለፍኩ)፣ ጋሼ 2,500 አሉ፣ ጣልኩ። 6,300 ቀረኝ። ብዙም ሳልቆይ ወጣሁ፤ ክትፎ ከፈልኩ።

ደረጃውን አብረን ስንወርድ ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ መርካቶ ውስጥ ቀድሞ ዋጋ የሚጠራ ማነው?»

«ማነው ጋሼ?»

«የቸገረው። አንተ ሳይቸግርህ ትጠራለህ።»

እቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ጥንድ ከ17 እጅ አንዴ ይደርስሃል። ጥንድ ከያዝክ ደግሞ ፍሎፑ ላይ ሴት የምታገኘው ከ17 ጊዜ ሁለቴ ገደማ ነው፤ 12 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንዴ ለመምታት ሰባቴ ተኩል ትስታለህ ማለት ነው። ስለዚህ 1,700 ስከፍል፣ ስመታ ቢያንስ 12,750 ማግኘት ነበረብኝ። መሃል ላይ ስንት ነበር? የእኔ 1,000፣ የጋሼ 2,700፣ ብላይንዶቹ 600፤ 4,300። ከዚያ በላይ ከጋሼ ልወስድ የምችለው የቀረኝን ያህል፣ 6,300 ነው። ድምሩ 10,600። ጋሼ ሴት ባገኘሁ ቁጥር ያላቸውን ሁሉ ቢሰጡኝ እንኳ እከስራለሁ! ጋሼ ደግሞ እንዲያ አይሰጡም። አንድ ኪንግ ይዘው እንኳ ፊቴን አይተው የሚጥሉ ሰው ናቸው።

ወንበሩን ደግሞ አሰላሁ። ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ ከእኔ የበለጠ ጥንድ የመያዝ ዕድሉ፣ አራት አራት ስይዝ ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ነው። ሁለት ሁለት ከሆነ 38 በመቶ ይጠጋል፣ ስድስት ስድስት ከሆነ 27 ገደማ። መጨረሻ ወንበር ላይ ብሆን አብዛኛው ሰው ጥሎ አይቼ ነበር የምናገረው። መጀመሪያ ላይ ሆኜ ግን የማየው የራሴን ካርታ ብቻ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አካባቢ፣ ከ60 ትልቁ ብላይንድ በላይ እያለኝ፣ አምስት አምስትና ስድስት ስድስትን በትንሽ ሬይዝ (ዋጋ ከፍ አድርጌ) እገባባቸዋለሁ። ከዚያ በታች ያሉትን እጥላለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ማንም ሬይዝ የማያደርግበት፣ ሁሉም ኮል ብቻ የሚልበት ምሽት ሲሆን ግን ሁለት ሁለትንም አልንቅም። አንድ ሰው መልሶ ሬይዝ ካደረገብኝ፣ ሁለታችንም ጋ ከምጨምረው 15 እስከ 20 እጥፍ መኖሩን አያለሁ፤ ከሌለ ደህና ሁኚ። ከ20 እስከ 30 ብላይንድ ሲቀረኝ ትንንሾቹን ከዚያ ወንበር ላይ አልነካቸውም። መጀመሪያ መልመዱ ያማል። ጥንድ መጣል እንጀራ መድፋት ይመስላል።

ከ10 ብላይንድ በታች ስወርድ ሌላ ጨዋታ ነው። ያኔ ፍሎፕ ልይ ብሎ ነገር የለም፤ ወይ ሁሉንም ማስገባት ወይ መጣል። ሁለት ሁለት ከኤስና ኪንግ ጋር ብትገጥም 52 ወይም 53 በመቶ ታሸንፋለች፤ ሳንቲም መወርወር በለው። ከበለጠ ጥንድ ጋር ከገጠመች ግን ከአምስት አንዴ ብትተርፍ ነው። ስለዚህ ስድስት ስድስትን ዓይኔን ሳላሽ አስገባለሁ፣ ሁለት ሁለት ላይ ግን አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። መብራት ሄዶ በሻማ ስንጫወት ደግሞ ይባስ፤ የማን ፊት ይነበባል?

ያለፈው ቅዳሜ፣ ብላይንዱ 200/400፣ ያው ወንበር፣ ሦስት ሦስት። ጣልኩ። ሁለት ሰዎች ገቡ። ፍሎፑ ኪንግ፣ 8፣ 3። ውስጤ እርር አለ። ሽምብራ አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ ሃምሳዋ የራሴ ነበረች።

እጁ ሲያልቅ ጋሼ ጠጋ አሉኝ። «ምን ነበር የጣልከው?»

«ምንም።»

«ሦስት ሦስት ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወደ ካርታቸው ተመለሱ። ያን ቀን ሦስተኛ ወጣሁ። ክትፎዬን የበላሁት በሰው ሒሳብ ነው፤ ለብለብ፣ ከአይብ ጋር።