ለሦስት ሰው አንድ የባንክ ቁጥር

ስለ ዘመናዊ ባርነት ሲወራ የኔ ጉዳይ አይመስለኝም ነበር። የኛ ሥራ ሣር ማጨድ፣ ችግኝ መትከል፣ የግቢ ድንጋይ ማንጠፍ ነው። ባርነት የማዕድን ጉድጓድና የፋብሪካ ነገር ነው ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ወር መጨረሻ ላይ የደመወዝ ዝርዝር ሳይ የሦስት ሠራተኞች ክፍያ ወደ አንድ የባንክ ቁጥር እንደሚገባ አስተዋልኩ። ስማቸው ይለያያል፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ልጆቹን ያመጣልን ደላላ ነው፤ ደመወዛቸውን የምንከፍለው ግን እኛ ነን። የሒሳብ ሠራተኛችን «ዘመዳሞች ይሆናሉ» አለች። እኔም ለማመን ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ሄድኩ። ከሦስቱ አንዱ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ በባዶ እጁ ይነቅላል። መዳፉ በእሾህ ተቦጫጭሯል፣ አንዳንዱ ቁስል የቆየ ነው። ጓንት ሰኞ ዕለት ሰጥተነዋል። «ጓንትህስ?» ስለው ከጎኑ ያለው ሰውዬ ቀድሞ «እሱ ጓንት አይወድም» አለኝ። ልጁ ቀና አላለም።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ጋ ብቻውን አገኘሁት። ፓስፖርትህ የት ነው አልኩት። «እንዳይጠፋብኝ ደላላው ያስቀምጥልኛል» አለኝ። ለመምጣት ስንት እንደከፈለ ጠየቅኩት። «ገና እየከፈልኩ ነው» አለ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የዓለም ሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክት ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ነገሮች ቢያንስ ሦስቱ እዚያች ቧንቧ ጋ ነበሩ፦ የተያዘ ሰነድ፣ የተያዘ ደመወዝ፣ ዕዳ። ሰንሰለት የለም፣ የተቆለፈ በርም የለም። ልጁ በየቀኑ እንደማንኛውም ሰው ሥራ ይመጣል፣ ይሄዳል። ድርጅቱ ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. በግዳጅ ሥራ ላይ የነበሩት ሰዎች 27.6 ሚሊዮን ናቸው። ከእነሱ ስንቱ እንደዚህ ልጅ በሰው ፊት ሲሠራ እንደሚውል አስቡት።

ደሜ ፈልቶ ስለነበር ደላላው ላይ መጮህ አማረኝ። እንኳን አልጮህኩ። ብጮህበት ማታ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆቹ ነበሩ። ልጆቹን ማሰናበትም ከእጄ አውጥቶ ወደባሰ እጅ መግፋት ነው። ልጁን ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት፣ ከዚያ ለሰዎች ዝውውር ተጎጂዎች የእርዳታ መስመር ደወልኩ። ሁለቱ ከደላላው እጅ ወጡ። ሦስተኛው በማግስቱ ሥራ አልመጣም።

የኔ ጥፋት ቀላል የማባዛት ሒሳብ አለመሥራቴ ነው። ደላላው ሰዎቹን ለማቅረብና ለማሳደር ብሎ የሚያስከፍለኝ ገንዘብ የቤት ኪራይና መጓጓዣ እንኳ አይሸፍንም ነበር። ታዲያ ቀሪውን ማን እየከፈለ ነው? የመትከያ ወቅት ሲደርስ «ለነገ አሥር ሰው ላክልኝ» ብዬ የምደውለው እኔ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ደላላ የሚገባው በዚህ ጥድፊያ ነው።

አሁን የመቅጠሪያ ወጪ በሙሉ የኛ ነው። ሠራተኛ ከዚህ በፊት ለደላላ ከፍሎ ከመጣም እንመልስለታለን። ደመወዝ የሚገባው በራሱ ስም ወዳለ ሒሳብ ብቻ ነው። መታወቂያ ኮፒ ይደረግና ዋናው እዚያው ይመለሳል። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ሰው ለብቻው፣ በሚገባው ቋንቋ አነጋግራለሁ። ካመጣው ሰው ጋር አብሮ የሚቀመጥ አስተርጓሚ አልቀበልም።

ዕቃ አቅራቢዎቹ ጋ ግን ሥራው ይከብዳል። ያንን ለልጁ የሰጠሁትን ጓንት እንኳ ማን ሠራው? በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የግዳጅ ሥራ ምልክት ተገኝቷል ብላ ከአንዳንድ የማሌዥያ ፋብሪካዎች የሚመጣ የጎማ ጓንት እንዳይገባ ከልክላ ነበር። እዚያም ሠራተኞቹ ከአገራቸው ሲወጡ ለደላላ በከፈሉት ብዙ ገንዘብ ዕዳ ውስጥ ነበሩ። በኋላ አንዳንድ ኩባንያዎች ገንዘቡን መለሱላቸው። ስለዚህ ሲገፉት የሚነቃነቅ ነገር ነው። የምናነጥፈው የአሸዋ ድንጋይ ብዙው ከሕንድ ይመጣል፤ በአገሪቱ ራጃስታን ግዛት ባሉ የድንጋይ ካባዎች ልጆች እንደሚሠሩና ቤተሰቦች በቅድሚያ ብድር እንደሚታሰሩ በተደጋጋሚ ተዘግቧል።

አቅራቢያችንን ስጠይቀው «የምስክር ወረቀት አለን» አለኝ። የጠየቅኩት ወረቀቱን አልነበረም፣ ይህን ነበር፦ ድንጋዩ ከየትኛው ካባ ወጣ? የሚፈልጡት ሰዎች በቀን ነው ወይስ በፈለጡት ድንጋይ ብዛት የሚከፈላቸው? ቅድሚያ ብድር የሚሰጣቸው ማን ነው? መልሱ ለመምጣት አራት ወር ፈጀ፣ የመጣውም ግማሹ ነው። ለጊዜው አልተውኩትም። ዛሬ ብተወው ድንጋዩን ለማይጠይቅ ሰው ይሸጠዋል። በተረፈ ትዕዛዝ ቀደም ብዬ እሰጣለሁ፣ ዋጋ ሰብረህ ነገ አምጣልኝ ማለቱንም ትቻለሁ።

የሦስተኛው ልጅ የመጨረሻ ሳምንት ደመወዝ በስሙ ተለይቶ ተቀምጧል። የሒሳብ ሠራተኛችን በየወሩ ዝርዝሩን ስታመጣልኝ ስሙ ከነቀሪው አብሮ ይመጣል።