ጅማ ላይ ፕሪም በጣባ፦ ዛፉን እንዴት አስተኛሁት

ኅዳር 2018 ገብቷል። ዛሬ ጠዋት የፕሪሜን ቅጠል ማርገፍ ጀመርኩ። በትንሽ መቀስ፣ አንድ በአንድ። ቅጠሉን ብቻ እቆርጥና ዘንጓን እተዋታለሁ። ከዘንጓ ብብት ሥር የመጪው ዓመት ዓይን፣ ማለትም አበባ ወይም ቅጠል የምትሆን እምቡጥ፣ አለች፤ ቅጠሉን በእጄ ብመነጭቀው እሷም አብራ ትላጣለች። ዘንጓ ደርቃ በጥቂት ቀን ራሷ ትወድቃለች።

የቤት አከራዬ እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ምነው ልጄ፣ ደህናውን ተክል ምን አደረገህ?» አሉኝ። አምናም ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን ለእሳቸውም ለእናንተም ላጫውታችሁ።

ዛፉ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቦንሳይ ይሉታል፤ ቃሉ የጃፓን ነው፣ በጣባ የተተከለ ተክል እንደማለት። እኔ ግን ከመጀመሪያውም ለማየት ብቻ የሚሆን ዛፍ አልፈለግኩም። የሚያፈራ ፈለግኩ። የተከራየሁት ግቢ አንድ ትልቅ ዛፍ እንኳ አያስተክልም፤ ፕሪም ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍሴ ነው።

ሥራው የተጀመረው በኮክ ነው። ኮክና ፕሪም ዘመዳሞች ናቸው፤ ብዙ የፕሪም ዓይነት በኮክ ሥር ላይ ይይዛል። ሐምሌ 2013 የበላነውን ኮክ ዘሩን አጥቤ አስቀመጥኩ። ጠንካራውን ቅርፊት በጥንቃቄ ሰብሬ የውስጡን ዘር በእርጥብ አሸዋ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ወር ተኩል ቆየ። ይህ ብርድ ካላገኘ ዘሩ አይነቃም። ከ12 ዘር 7 በቀለልኝ። ቡቃያዎቹ ትንሽ ጠንከር ሲሉ ወደ ታች የሚወርደውን ዋናውን ሥር ቆረጥኩት። ሥሩ ወደ ጎን እንዲዘረጋ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ጣባ ላይ የሚኖር ዛፍ ሥሩ እንደ እጅ ጣት ካልተዘረጋ አይቆምም፣ መልክም የለውም።

የመጀመሪያው ድቀላ፣ ማለትም የፕሪሙን ቁራጭ ኮኩ ላይ መለጠፍ፣ ከሸፈ። ሐምሌ 2014 ነበር። ኮኮቹ የእርሳስ ውፍረት ደርሰው ነበርና ቸኮልኩ። ወንድሜ አዲስ አበባ ከአንድ ግቢ የቀይ ፕሪም ቅርንጫፍ ቆርጦ በአውቶቡስ ላከልኝ። ቅርንጫፉ ቅጠል ያለው፣ እያደገ ያለ ለጋ ነበር። የጅማ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ያዘንባል። አምስት አዳቀልኩ፤ በሁለት ሳምንት አምስቱም ጠቆሩ። ውሃ ገብቶ ቁስሉ በሰበሰ።

እዚህ ከተማ አቮካዶ የሚያዳቅል ሰው ሞልቷል። ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ አንድ ልጅ ዘንድ ሄጄ ቁጭ ብዬ አየሁት። የነገረኝ ነገር አጭር ነው፦ «የሚለጠፈው ተኝቶ፣ የሚቀበለው ሊነቃ ሲል።» ለአቮካዶ ሳይሆን ለፕሪም ነው ያለኝ። ያ ጊዜ ደግሞ ለፕሪም ጥር ነው።

ጥር 2015 ወንድሜ እንደገና ላከልኝ። አሁን ቅጠል የሌለው፣ ዓይኑ ያልፈነዳ፣ ያለፈው ዓመት እንጨት ነው። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ በፌስታል አስሮታል። ኮኩን ከሥሩ በላይ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆረጥኩት። ዝቅ ያለው በምክንያት ነው፤ የተዳቀለበት ቦታ ያብጣልና ከፍ ካለ ዕድሜ ልክ እንደ ጉልበት ወጥቶ ይታያል። ዝቅ ካለ ግን ግንዱ ከሥር የሰፋ ይመስላል፤ ለቦንሳይ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የኮኩን ጉቶ መሃሉን በሰንጢ ሰነጠቅኩ። ከፕሪሙ ሁለት ዓይን ያላት ቁራጭ ወሰድኩና ግርጌዋን በአዲስ ምላጭ ከሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ አሾልኩ። አንዴ ነው የሚቆረጠው። ደጋግማችሁ ከጠረባችሁት ፊቱ ይወላገድና አይገጥምም። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ በቅርፊቱና በነጩ እንጨት መካከል ከወረቀት የሳሳ አረንጓዴ መስመር አለ። ሕይወት ያለው እሱ ላይ ነው። የፕሪሙ መስመር ከኮኩ መስመር ጋር መነካካት አለበት። ኮኩ ወፍራም ፕሪሙ ቀጭን ስለነበር ቁራጯን መሃል ላይ አላስገባኋትም፤ ወደ አንድ ጠርዝ ጠጋ አድርጌ በአንድ ወገን አገጣጠምኩ። ሁለቱም ወገን ካልገጠመ አንዱ ይበቃል። ከዚያ በፌስታል ክር ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፣ የቁራጯን ጫፍ በሻማ ሰም ደፈንኩ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ስድስት አዳቅዬ አራት ያዙልኝ። በሃያ ሁለተኛው ቀን የአንዷ ዓይን አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ስታደርግ ቢሮ አርፍጄ ገባሁ።

አንድ ስህተት ደግሞ ላንሳ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ከአራቱ አንዱ እንደ ጉድ አደገ። ደስ ብሎኝ ውሃና ፍግ እሱን አበዛሁለት። ሦስት ወር ቆይቼ ቅጠሉን ሳየው ቀጭንና ረጅም ነው። የኮክ ቅጠል! ከድቀላው በታች ኮኩ ራሱ አቆጥቁጦ ፕሪሙን ገድሎታል። የፕሪም ቅጠል አጠር፣ ሰፋ ያለ ነው። ከማሰሪያው በታች የሚወጣ ነገር ሁሉ በየሳምንቱ መነቀል አለበት።

ጣባው ከገበያ የገዛሁት ተራ የሸክላ ጣባ ነው። መቀመጫውን በውሃ ነክሬ ቀስ ብዬ በመሰርሰሪያ አራት ቦታ በሳሁት። አፈሩ ግማሹ የተነፋ ቀይ አሽ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ነው፤ የጅማ ቀይ አፈር ብቻውን በክረምት ጭቃ ይሆንና ሥሩን ያፍነዋል። ሌላው ግማሽ አፈርና የቡና ገለፈት ብስባሽ። ገለፈቱ እዚህ በነፃ ነው የሚገኘው፣ ግን በደንብ ሳይበሰብስ እንዳትጠቀሙ። ትኩሱ ለጋ ሥር ይጎዳል።

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። ፕሪም የብርድ አገር ዛፍ ነው። ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል፣ ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ብዙ ሰዓቶች ይቆጥራል፣ ከዚያ ነው በደንብ የሚያብበው። የአውሮፓው ፕሪም ብዙ ብርድ ይፈልጋል፤ የጃፓን የሚባለው ወገን በትንሹ ይረካል። ጅማ ግን ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ የቀኑ ሙቀት ሌሊት የተቆጠረውን መልሶ ያፈርሰዋል። ዛፉ ግራ ይገባዋል። ጥር 2016 አሮጌ ቅጠሉን ተሸክሞ ቆሞ ነበር። ጫፉ ላይ ብቻ ሦስት አበባ አወጣ፤ መሃሉ ባዶ ቅርንጫፍ ሆኖ ቀረ። አንድም ፍሬ የለም።

በሞቃት አገር ፖምና ኮክ የሚያለሙ ሰዎች መላ አላቸው። ውሃ ይቀንሱበታል፣ ቅጠሉን ያረግፉታል። ብርዱን አይተካም፣ ዛፉ ግን በአንድ ጊዜ እንዲነሳ ይቀሰቅሰዋል። ኅዳር 2017 ሞከርኩት። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ውሃውን በግማሽ ቀነስኩ። ጨርሶ እንዳይደርቅ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እየከተትኩ አያለሁ፤ ጣባ ውስጥ ያለ ሥር እንደ መሬቱ መሸሻ የለውም። ቅጠሉን አረገፍኩና ሌሊት ሌሊት ብርድ እንዲመታው በረንዳው ጫፍ ላይ አወጣሁት፣ ቀን ወደ ጥላ አስገባለሁ። ዓይኖቹ ማበጥ ሲጀምሩ ውሃውን መለስኩለት። በጥር አጋማሽ አበበ። ነጭ አበባ፣ በባዶ እንጨት ላይ፣ ከላይ እስከ ታች። ቆጠርኳቸው፣ 31።

አበባ ብቻውን ግን ፍሬ አይሆንም። ብዙው የጃፓን ፕሪም በራሱ የአበባ ብናኝ አያፈራም። ይህን ቀድሜ ስለሰማሁ መስከረም 2016 አንድ ቅርንጫፍ ላይ የቢጫ ፕሪም ዓይን ለጥፌ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ቅርፊቱ ከእንጨቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሰንጥቆ ዓይኗን ብቻ ከቅርፊቱ ሥር ማስገባት ነው። ስለዚህ አንዱ ዛፍ ሁለት ዓይነት ያብባል። ንብም መጣ፣ እኔም በለስላሳ የስዕል ብሩሽ ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለስኩ። 9 ያዘ። ስድስቱን ገና ትንሽ ሳሉ አነሳኋቸው። እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። ግን የቦንሳይ ቅጠል ቢያንስም ፍሬው አያንስም፤ ከገበያው ፕሪም እኩል ያድጋል። ጣት የማታክል ቅርንጫፍ ዘጠኝ አትሸከምም።

ሦስቱ ሰኔ ላይ በሰሉ። አንዱን ወፍ ቀደመኝ። አንዱን እኔ በላሁ፤ ቆዳው ኮምጠጥ ይላል፣ ውስጡ ማር ነው። ሦስተኛውን ለእትዬ ሰጠኋቸው። ዘሩን አጥበው በሻሽ ጫፍ ቋጥረው አስቀምጠውታል።

ዘንድሮ የምፈትነው አንድ ነገር ነው። ሦስት ዛፍ አለኝ። አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ከሁለት ሳምንት በኋላ አረግፋለሁ፣ ሦስተኛውን አልነካውም። ማን መቼ እንዳበበ እጽፍላችኋለሁ። ጅማ ወይም አጋሮ ግቢው ውስጥ በየዓመቱ ሳይሰንፍ የሚያፈራ ፕሪም ያለው ሰው ካለ ደግሞ ጥር ላይ የእርሳስ ርዝመት ያላት አንድ ቅርንጫፍ ይስጠኝ። እኔ በምትኩ የተዳቀለ ችግኝ አመጣለታለሁ።