ብላ እና ቡላ

ለውሻችን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ቡላ ያልኩት መልኩን አይቼ ነው። ነጭ እንዳይሉት ነጭ አይደለም፣ ቡናማ እንዳይሉት ቡናማ አይደለም። አጭር ስም ነው፣ ማሙሽም አባባም በቀላሉ ይጠሩታል ብዬ ደስ አለኝ። እኛ ቤት በቀን መቶ ጊዜ «ብላ» እንደሚባል ግን አላሰብኩም። እማዬ የእህቴን ልጅ «ማሙሽ፣ ና ብላ!» ትለዋለች። አባባ እንግዳ ሲመጣ «ብላ እንጂ ልጄ፣ ምነው አፈርክ?» ይላሉ። ቡላ ያ ሁሉ ግብዣ ለእሱ ይመስለዋል። ከግቢው ጫፍ ጆሮውን እያራገበ ይበራል። ጎንደር ውስጥ ቡላ የተባለ ውሻ ቀኑን ሙሉ ሲጋበዝ ይውላል።

የመጣው በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው። አዘዞ ያሉ ዘመዶቻችን ውሻቸው ስድስት ወልዳ አንዱን ሰጡን። የሁለት ወር ልጅ ነበር። በዘይት ካርቶን አድርጌ በባጃጅ አመጣሁት። መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ ሹፌሩ «ምን አድርገሽው ነው?» እያለ ይስቅብኛል። ካርቶኑንም አበላሸው፣ ቀሚሴንም።

አባባ ያደጉት ደምቢያ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ውሻ ከብት ጠባቂ ነው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮህ፣ ቀን ጥላ ፈልጎ የሚተኛ፣ ቤት የማይገባ። ማስተማሪያውም ዱላ ነው። «ፊት ከሰጠሽው ሌባ ሲመጣ ጭራውን እየቆላ ነው የሚቀበልልሽ» አሉኝ። አልተከራከርኩም። እኔም ብሆን ሌላ ዘዴ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የእማዬን ነጠላ ከገመድ ላይ ጎትቶ አውርዶ ጥለቱን አኘከው። በሲሊፐር አንድ ጊዜ መታሁት። ከባድ ምት አልነበረም። ግን ጮኸና ከውሃ ሮቶው ጀርባ ገባ። ማኘኩን ተወ? አልተወም። የማሙሽን ካልሲ፣ የአባባን ኮፍያ፣ ያገኘውን ሁሉ እየወሰደ ከሮቶው ጀርባ ያኝከው ጀመር። የተማረው «ነጠላ አይነካም» የሚለውን አይደለም። «እሷ እያየች አይነካም» የሚለውን ነው። ይባስ ብሎ ልዳብሰው እጄን ስዘረጋ መሬት ላይ ተለጥፎ ሽንቱን ይለቃል። ይህኛው አሳፈረኝ።

ፍሬሽማን እያለን የሳይኮሎጂ ኮርስ ነበረን። የፓቭሎቭን ውሻ ያልሸመደደ ተማሪ የለም። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ምግብ እንዴት እንደሚፈጭ ባጠናው ጥናት ነበር። እኛ የምናውቀው ግን ውሾቹ ምግቡ ገና ሳይመጣ፣ መምጫውን የሚናገረውን ድምፅ ሲሰሙ ምራቃቸው መውረዱን ነው። ከእሱ በኋላ አሜሪካዊው ስኪነር አለ። የእሱን ነገር ባጭሩ ካልኩት፣ ደስ የሚል ነገር ያስገኘ ድርጊት ይደገማል፤ ምንም ያላስገኘ እየቀረ ይሄዳል። ሁለቱንም ለፈተና አጥንቼ ከፈተናው ጋር ረስቻቸው ነበር። ከሮቶው ጀርባ እርጥብ ካልሲ ስጎትት ነው ትዝ ያሉኝ።

ልሸልመው ወሰንኩ። ግን በምን?

ቡላ ከመጣ ከሁለት ቀን በኋላ የነቢያት ጾም ገባ። የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። ዳቦ ሞከርኩ። አሽትቶት ትቶኝ ሄደ። በመጨረሻ ሙስሊሞች ወደሚበዙበት ሰፈር ወደ አዲስ ዓለም ወርጄ ከአንድ ሥጋ ቤት የበሬ ሳንባ ገዛሁ። ቤት ስደርስ እማዬ ፌስታሉን አይታ በሩ ላይ ቆመች።

«በየትኛው ድስት ልትቀቅይው ነው?»

«እማዬ፣ ውሻ እኮ አይጾምም።»

«ውሻው ባይጾም ድስቴ ይጾማል።»

ስለዚህ አሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳ ፈልጌ ጓሮ ወጣሁና ከሰል አያያዝኩ። ሳንባ ሲቀቀል እንደ ስፖንጅ እየተንሳፈፈ ክዳኑን ይገፋል፤ አረፋው ከሰሉ ላይ ገንፍሎ ሰፈሩን ሁሉ አሸተተው። ሲበርድ ሽምብራ በሽምብራ አድርጌ ከተፍኩትና ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። ጭልፊት ሁለቴ አንዣበበ። ማሙሽ ዱላ ይዞ ዘብ ቆመ። ቁርጡ ትንሽ መሆን አለበት። ቡችላው የሚፈልገው ጣዕሙን ነው። ትልቅ ሲሰጡት እያኘከ ምን አድርጎ እንዳገኘው ይረሳዋል፣ በዚያ ላይ ቶሎ ይጠግባል። ጠግቦ የሚማር ውሻ አላየሁም።

መቀመጥን ያስተማርኩት በረንዳው ላይ ነው። አንዷን ቁራጭ በሁለት ጣቴ ይዤ አፍንጫው ጋ አስጠጋሁ። ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ፣ ወደ ማጅራቱ አቅጣጫ ወሰድኩት። አፍንጫው እጄን ተከተለ። አንገቱ ሲቃና ቂጡ ወደ ታች መጣ። መሬት ሲነካ «እሰይ!» ብዬ ሰጠሁት። አልገፋሁትም፣ ወገቡንም አልተጫንኩትም። ስድስት ሰባት ጊዜ ደጋገምን። ከዚያ ባዶ እጄን ሳነሳ ቁጭ አለ። «ተቀመጥ» የሚለውን ቃል ያመጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። ገና ምን እንደምፈልግ ሳይገባው «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» ቢሉት ምን ሊጠቅመው? አማርኛ አያውቅ።

«እሰይ» ምልክታችን ነው። «ይቺን፣ አሁን ያደረግካትን ነው የወደድኩልህ» ማለት ነው። ሥጋውን ከኪስ እስካወጣ ድረስ ቡላ ተነስቶ፣ ጆሮውን አክኮ፣ ዝንብ አሳድዶ ይሆናል። ያኔ ብሰጠው ዝንብ ማሳደዱን ነው የምሸልመው። ቃሉ ግን ከእጅ ይፈጥናል። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቃል እንዲጠቀም ተስማማን። ችግሩ በቡና ሰዓት መጣ። አንዷ ጎረቤት ልጇ ሥራ መያዟን ስትናገር ሴቶቹ ሁሉ ባንድ አፍ «እሰይ! እሰይ!» አሉ። ቡላ ሮጦ መጥቶ ከረከቦቱ ፊት ቁጭ አለ። ክፍያውን እየጠበቀ።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከእኔ ጋር ሲሆን ጨዋ ነው። ገበታ ሲቀርብ ግን ሌላ ውሻ ይሆናል። የአባባን ጉልበት በእግሩ ይቧጥጣል፣ ጋቢያቸውን ይጎትታል፣ ያላዝናል። አባባም ይቆጡታል፦ «ሂድ ወዲያ! ውጣ! ይሄ ባለጌ!» አንድ ምሽት ግን እጃቸውን አየሁት። ቀኙ ወደ በሩ እያመለከተ፣ ግራው ከመሶቡ ሥር ሹልክ ብሎ እንጀራ ያቀብላል። በአፋቸው እያባረሩ በእጃቸው ይጠሩታል።

ሁልጊዜም አይደለም የሚሰጡት። አንዳንድ ቀን ብቻ። የሚብሰው ደግሞ ይሄ ነው። ስኪነር በእርግብና በአይጥ ያየው ነገር ነው፦ አንዳንዴ ብቻ የሚከፍል ድርጊት ሁልጊዜ ከሚከፍለው ይልቅ ለመተው ይከብዳል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው በየሳምንቱ ባይደርሰውም መቁረጡን አይተውም። ቡላም ዛሬ ባይደርሰኝ ነገ ይደርሰኛል ብሎ ጋቢ ይጎትታል። ቁጣውም ቢሆን ለእሱ ጨዋታ ነው፤ ቢያንስ ሰው አየው፣ አናገረው። እኔስ? ሲዘልብኝ በሁለት እጄ እየገፋሁ «ተው! ተው!» እል ነበር። መዝለሉን እየከፈልኩት ኖሯል።

«አባባ፣ ገበታ ላይ መለመንን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«እኔ?» አሉ ፈገግ ብለው። «ማንም ሳያሳየኝ?»

ኮሩ። እውነትም ከሁላችን የተሻሉ አሰልጣኝ እሳቸው ነበሩ። ክፍያቸው ፈጣን፣ ተማሪያቸው ታታሪ። የተሳሳተው ትምህርቱ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ስነግራቸው ነው ነገሩ የጣማቸው። ጆንያ አጥፈን ከሳሎኑ በር ሥር አነጠፍን። ጆንያው ላይ ሲተኛ «እሰይ» እና ሳንባ አለ። ጉልበት ላይ ሲመጣ ምንም የለም፤ ቁጣም የለም፣ ዓይንም የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ባሰበት። የለመደው ክፍያ ሲቀር እንዲህ ያደርጋሉ፤ ጮኸ፣ ቧጠጠ፣ ማሙሽ ጭን ላይ ወጣ። እንደኛ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ደጋግመን እንጫናለን እንጂ መች ወዲያው እንተወዋለን? አባባ አላስችላቸው አለ። «ትንሽ እንጀራ ምን ይጎዳዋል?» ባዶ እንጀራ አይጎዳውም፤ እሳቸው የሚያቀብሉት ግን ወጥ የነካውን ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ይህን ስነግራቸው ደነገጡ። «ደምቢያ እያለን ስንቱን አብልተናል» ብለው ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ቡላ ጉልበታቸው ሥር ቆሞ፣ ቆሞ፣ ተንፍሶ ወደ ጆንያው ሄደ። አባባ «እሰይ!» ሲሉ ድምፃቸው ለእልልታ ጥቂት ነው የቀረው።

የሽንቱ ነገር ብዙ አያጽፍም። ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወደ ጓሮ ይዤው እወጣለሁ። እንደጨረሰ እዚያው ቆሜ እሸልመዋለሁ። ቤት ተመልሼ ብሸልመው ቤት መግባቱን የሸለምኩ ይመስለዋል። ሲያመልጠው እወለውላለሁ፣ አላወራም። አፍንጫውን እያስነኩ መቅጣት የሚሉት ነገር ሰው ከመፍራት በቀር ምንም አያስተምርም።

«ና» የሚለውን ቃል ግን አበላሽተነው ነበር። ማሙሽ «ቡላ ና!» ብሎ ጠርቶ በታኅሣሥ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበው። ከዚያ በኋላ «ና» ሲባል ቆሞ ያስባል። አሁን «ና» የምንለው ለጥሩ ነገር ብቻ ነው። ለማጠብ ሲሆን እኛው ሄደን እናነሳዋለን።

ሦስት ወር እንደሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብኩት። ሐኪሙ መርፌውን ሲያዘጋጅ እኔ ሳንባ በሳንባ እያደረግኩ አቀባብዬው መወጋቱን ልብ ሳይል አለፈ። ማሙሽንም አብሬ አስተማርኩት፦ የትኛውም ውሻ ቢነክስህ ወይም ቢቧጭርህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠብ፣ ሳትደብቅ ንገረን፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አሁን የያዝነው የከበሮ ትምህርት ነው። ቤታችን ከፋሲል መዋኛ ብዙም አይርቅም። ለከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ ከበሮው፣ እልልታው፣ ሕዝቡ ሁሉ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ለቡችላ ያ ድምፅ ድንገት ከመጣበት ዕድሜ ልኩን ሊፈራው ይችላል። ማሙሽ ራቅ ብሎ ጀሪካን በቀስታ ይመታል፣ እኔ አበላለሁ። ቡላ ካልደነገጠ ማሙሽ ሁለት እርምጃ ይጠጋል። ሲደነግጥ ይመለሳል። ማሙሽ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ተሰጥቶት አያውቅም።

ትናንት ገና ነበር። አጎቴ ከነልጁ መጣ። ዶሮው ቀረበ። ዶሮ ወጥ ለቡላ ሁለት ጊዜ ክልክል ነው፤ አንድ በሽንኩርቱ፣ ሁለት በአጥንቱ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላል፣ አንጀት ይወጋል። ስለዚህ ከበጉ ሥጋ ቀንሼ ለብቻው ቀቅዬ፣ ከትፌ፣ በቡና ስኒ አድርጌ አባባ አጠገብ አስቀመጥኩ። በእማዬ ድስት ነው የቀቀልኩት። ድስቱም ጾሙን ፈቷል።

ቡላ ጆንያው ላይ ነው። አባባ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ወደ አጎቴ ልጅ ዘረጉና በዚያ በወፍራም ድምፃቸው፦

«ብላ!»

የቡላ ጆሮዎች ቆሙ። አንድ የፊት እግሩ ከጆንያው ወጥቶ ሲሚንቶውን ነካ። የአባባ እጅ አየር ላይ ቀረ። እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ ማሙሽ ማኘኩን አቁሞ፣ ሁላችንም ወደ በሩ አየን። ቡላ አባባን አየ። ጉርሻውን አየ። እግሩን መለሰና አገጩን ጆንያው ላይ አሳረፈ።

«እሰይ!» አሉ አባባ። ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሰው ስኒውን አነሱ።

የአጎቴ ልጅ አፉን እንደከፈተ ነው።