ከጎረቤት የሚመጣውን ድምፅ የቀነስኩበት መንገድ

ደሴ ውስጥ እንደኔ መደዳውን በተሠራ ቤት የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ዜና ሳይፈልግም ይሰማል። ቴሌቪዥኑ፣ ሳሉ፣ የሰሃኑ ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ብቻዬን ስኖር ችዬው ነበር። እናቴ ለሕክምና ከኩታበር መጥታ እኔ ጋ ስትቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የታመመ ሰው ዓይኑን ሳይከድን ሲያድር ማየት አንጀት ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመኝታ ክፍል የሚመክረው ከ30 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያልበለጠ የሌሊት ድምፅ ነው። ሹክሹክታ በሉት።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ "ፎም ለጥፍበት" አለኝ። የእንቁላል ካርቶን የመከረኝም አለ። ፎም የሚጠቅመው እዚያው ክፍል ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ለመዋጥ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የሚለጠፈውም ለዚሁ ነው። ከማዶ የሚመጣውን ለማገድ ግን ክብደቱ በጣም ያንሳል። ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው። የግድግዳው ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ድምፅ በግምት 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አየር የሚያልፍበት ክፍተት ካለ ደግሞ የፈለገ ወፍራም ግድግዳ ቢሆን አያድንም።

ስለዚህ ብር ከማውጣቴ በፊት ድምፁ በየት እንደሚገባ ፈለግሁ። ማታ መብራቴን አጠፋሁና ጎረቤቴን "እትዬ፣ እስቲ በባትሪ ኮርኒሱ ጥግ ጥጉን ያብሩልኝ" አልኳቸው። በእኔ በኩል ብርሃኑ በኮርኒሱ ስንጥቅ ቀጭን መስመር ሆኖ ታየ። ወንበር ላይ ወጥቼ አንዱን ችፑድ ገለጥ አደረግሁት። ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል! ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ባዶ ነው። የመደዳው ቤቶች በሙሉ ይህንን ባዶ ቦታ ይጋሩታል። ድምፁ በእሳቸው ኮርኒስ ይወጣል፣ በእኔ ኮርኒስ ይወርዳል። ብሎኬት ለመቆጠብ ሲባል እንዲህ የሚሠራ የኪራይ ቤት ብዙ ነው፤ የእናንተንም ገልጣችሁ እዩት።

አከራዬን ሳማክራቸው "አብሽር፣ ለቤቱም ይሻለዋል" አሉኝና ወጪውን ተጋራን። ግንበኛው ግድግዳውን በብሎኬት እስከ ቆርቆሮው አደረሰው። ሁለቱንም ጎን እንዲለስነው ለመንኩት። ማንም የማያየውን ቦታ ለምን ትለስናለህ ብሎኝ ነበር። ያልተለሰነ ብሎኬት ግን ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። የቆርቆሮው ሞገድ ከብሎኬቱ ጋር የሚገናኝበትን እያንዳንዱን ጉድጓድ በሲሚንቶ ደፈንነው። ይህ ጥቃቅን ሥራ ነው፣ ያሰለቻል፤ ግን እሱ ካልተሠራ የተቀረው ልፋት ከንቱ ነው። የቴሌቪዥኑ ንግግር ከዚያ በኋላ ቃል በቃል አይሰማም፤ ጉምጉምታ ብቻ ሆነ።

አንድ ድምፅ ግን አልበገር አለ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ነበር የሚቆመው። የሱ ድምፅ በአየር አይደለም የሚመጣው፤ ንዝረቱ ወለሉንና ግድግዳውን ይዞ ነው የሚሄደው። ለዚህ ክብደት መጨመር ብዙ አይረዳም፣ ማላቀቅ ነው የሚያስፈልገው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ አራት ቁራጭ ቆርጬ ወሰድኩላቸው። የስፌት መኪናውን ከግድግዳው ስንዝር ያህል አራቅን፣ ከእግሮቹ ሥር ጎማውን አስገባን። ያለ ምንም ወጪ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው። "እኔስ አንተ መተኛትህን አላውቅም ነበር፣ ቀደም ብለህ አትነግረኝም?" አሉኝ። ጎረቤትን በቅንነት ማናገር ከማንኛውም ዕቃ ይቀድማል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

አቅም ላለው ከግድግዳው ፊት ሌላ ስስ ግድግዳ ማቆም ይቻላል። ማቆሚያ እንጨቱ (ሞራሌው) አሮጌውን ግድግዳ እንዳይነካ ከወለልና ከላይ ብቻ ይታሰራል፤ መሃሉ በድንጋይ ሱፍ (ከድንጋይ በሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ይሞላል፤ ላዩ ሁለት ድርብ ጂፕሰም ቦርድ ይመታበታል። የ12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድ አንዱ ካሬ ሜትር ወደ 9 ኪሎ ስለሚመዝን ድርቡ ጥሩ ክብደት ይሰጣል። ፎም ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ኮርኒስ ላይ በጭራሽ እንዳትጎዘጉዙ። እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ ጭሱም መርዝ ነው።

አከራይ ግንብ አይነካም ካለ ከበሩ ጀምሩ። የላሜራ በር ሥሩ ክፍት ነው፤ ከታች የጎማ ዝርግ፣ ዙሪያውን ደግሞ የሚለጠፍ የጎማ ማሸጊያ ይደረግበታል። የደሴን ብርድም አብሮ ይከለክላል። ልብስ የሞላበትን ቁምሳጥን ወደሚጋሩት ግድግዳ አዙሩት፣ የአልጋውን ራስጌ ደግሞ ወደ ሌላው።