ሦስተኛው ፈረስ ጭራውን ሲያወናጭፍ

ስምንት ፈረሶች በጠባብ የደን መንገድ ተከታትለው ይሄዳሉ። መሪው ከአንድ የበሰበሰ ግንድ ጎን አለፈ፤ ሁለተኛውም በሰላም አለፈ። ሦስተኛው ፈረስ ግን ጭራውን እያወናጨፈ በኋላ እግሩ መሬቱን ይደበድብ ጀመር። ጋላቢዋ አመል መስሏት ልጓሙን ያዝ አደረገችው። መሪው ሁካታውን ሲሰማ እጁን አንስቶ ሰልፉን በሙሉ አቆመ። ስህተቱ ይኸው ነበር፤ አራተኛውና አምስተኛው ፈረስ የቆሙት የተርቦቹ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው።

መሬት ውስጥ ጎጆ የሚሠራ ተርብ የፊተኛው ኮቴ ሲያንቀጠቅጠው ይነቃል፤ ተግተልትሎ እስኪወጣ ግን መሪው አልፎ ሄዷል። ዕዳው ብዙ ጊዜ ለተከታዮቹ ይተርፋል። ንብ አንዴ ነድፋ መንደፊያዋን ቆዳ ውስጥ ትታ ትሞታለች፤ ተርብ ግን ደጋግሞ ይነድፋል። የሚረጩት ሽታ ሌሎቹን ስለሚጠራ በእጅ መከላከልም ሆነ መጨፍለቅ ነገሩን ያባብሰዋል። ለትንኝ የሚቀባው መድኃኒት እዚህ ላይ አይሠራም።

ስለዚህ ጉዞው ሳይጀመር ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቃል ይኑር። «ተርብ!» ሲባል ጉድጓዱን ያለፉት በሶምሶማ ወደፊት፣ ያልደረሱት ዞረው ወደኋላ፤ የሚቆም ሰው አይኖርም። ጠባብ መንገድ ላይ ሽምጥ መጋለብ ሰው ይጥላል። ቢያንስ 100 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ንቦች ከሆኑ ከዚያም በላይ። በፈረስና በፈረስ መካከል የአንድ ፈረስ ርዝመት ያህል ክፍተት ከሌለ ዞሮ መውጣት አይቻልም።

የአምስተኛው ፈረስ ጋላቢ ወርዶ ፈረሱን ዛፍ ላይ ሊያስረው ታገለ። ይህ ፈጽሞ አይደረግም! የታሰረ ፈረስ መሸሻ ስለሌለው ተነድፎ ሊሞት ይችላል። ደግነቱ ፈረሱ ገመዱን ነጥቆ ሸሸ። ሲገኝ የአፍንጫው ጠርዝ ማበጥ ጀምሮ ነበር። ፈረስ በአፉ መተንፈስ ስለማይችል፣ አንገቱ ላይ ካለው ትልቅ እብጠት ይልቅ አፍንጫው ላይ ያለው ትንሹ ያስፈራል። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይደረግለታል፤ ትንፋሹ ማፏጨት ከጀመረ የእንስሳት ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፤ ንድፊያው ለሚቀሰቅሰው ከባድ አለርጂ የሚወጋው የአድሬናሊን መርፌ በዚያው በሸሸው ፈረስ የኮርቻ ከረጢት ውስጥ ነበር። መርፌ የሚያዘው በመሪው ወገብ ላይ ነው፤ ያውም ሁለት። የተነደፈ ሰው ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው፣ ለአዋቂ 0.3 ሚሊግራም በጭኑ ውጫዊ ጎን፣ በሱሪው ላይ እንኳ ቢሆን፣ ወዲያው ይወጋል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ለውጥ ካላሳየ ሁለተኛው ይደገማል። ሰውየው በጀርባው ይተኛ፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ። ተሻለኝ ቢልም ፈረስ ላይ አይወጣም፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።